እግሩ የማያርፍ ልጅ፦ በቤት፣ በቁርኣን ቤትና በትምህርት ቤት እንዴት እንርዳው?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ልጅ ከአላህ የተሰጠ አደራ መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም ወላጅ የለም። ይሁን እንጂ አደራው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ልጅ አንድ ጊዜ ተነግሮት ይበቃዋል፤ ሌላው አሥር ጊዜ ተነግሮትም ያልሰማ ይመስላል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ በሁለተኛው ልጅ ላይ ነው።

በሮቤም ይሁን በጎባ፣ በዲንሾም ይሁን በአጋርፋ፣ በየቁርኣን ቤቱና በየአንደኛ ደረጃው ክፍል እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። ሉሑን ይዞ ከተቀመጠ ጥቂት ሳይቆይ ይነሳል፤ የጎረቤቱን እርሳስ ይነካል፤ በደጅ የሚያልፈውን ጋሪ ለማየት አንገቱን ያሰግጋል፤ ኡስታዙ ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን ይወረውራል። ቤት ሲገባ ደብተሩን የት እንደጣለው አያውቅም። ጨው ገዝተህ ና ተብሎ ሱቅ ሲላክ መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ያገኛል፤ ጨውም ይረሳል፣ ብሩም ይጠፋል፣ መሽቶ እናቱ ወጥታ ትፈልገዋለች።

ይህ ልጅ በመጀመሪያ «ቀበጥባጣ» ይባላል። ቀጥሎ «ረባሽ»፣ በመጨረሻም «የማይሆን ልጅ» የሚል ስም ይወጣለታል። ስሙ በተደጋገመ ቁጥር ልጁ ራሱ ማመን ይጀምራል። አባት «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» ይላል፤ እናት «አንተ ቤት ስለማትገኝ ነው» ትላለች፤ ቤቱ ሰላም ያጣል። ኡስታዙ ይሰለቻል፤ መምህሩ ወላጅ አምጣ ይላል። ልጁ ቁርኣኑን ከግማሽ ያቋርጣል፤ ክፍል ይደግማል፤ ከዚያም ደብተሩን ጥሎ መናኸሪያ አካባቢ መዋል ይጀምራል። የምንነጋገረው እንግዲህ አንድ ልጅ ከዲኑም ከዱንያውም ትምህርት እንዳይወጣ ስለማድረግ ነው።

ችግሩ ምንድን ነው?

ሐኪሞች በእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ይሉታል። እኛ በአማርኛ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ልንለው እንችላለን። ሦስት መልክ አለው። አንዳንዱ ልጅ ትኩረቱ ይበተናል፣ ይረሳል፣ የጀመረውን አይጨርስም። አንዳንዱ አርፎ መቀመጥና ተራ መጠበቅ ያቅተዋል፣ ሳያስብ ይናገራል፣ ሳያስብ ይሠራል። ብዙዎቹ ደግሞ ሁለቱም ይታይባቸዋል።

ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም ለንደን ውስጥ ባሰማቸው ንግግሮች፣ አእምሯቸው ደኅና ሆኖ ሳለ ራሳቸውን መግታት የተሳናቸውን ሕፃናት ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የትኩረት ማነስን ራሱን የቻለ ችግር አድርጎ በመዝገቡ አሰፈረው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች የልጆችን አንጎል በመሣሪያ እያነሱ አነጻጸሩ። የአንጎል ውጫዊ ክፍል በሌሎች ልጆች 7 ዓመት ተኩል አካባቢ የሚደርስበትን ደረጃ፣ ይህ ችግር ያለባቸው ልጆች 10 ዓመት ተኩል አካባቢ እንደሚደርሱበት ተመለከቱ። መዘግየቱ ጎልቶ የታየው ለማሰብ፣ ለማቀድና ራስን ለመግታት በሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ላይ ነበር።

ወላጆች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። የባሌ ሰው ፈረስ ያውቃል። ውርንጭላ ለመሮጥ ጉልበት እንጂ አያንሰውም፤ የሚያንሰው ልጓም ነው። የዚህ ልጅ ችግርም የዕውቀት ማነስ ወይም የልብ ክፋት አይደለም። ልጓሙ ዘግይቶ የሚመጣ ልጅ ነው። እስኪመጣ ድረስ ልጓሙን ከውጭ የምንይዝለት እኛ ነን።

በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ችግሩ ከ100 ልጆች በ5ቱ ያህል ላይ ይገኛል። በዚሁ በኦሮሚያ ክልል፣ በጊርጃ ወረዳ ገጠር፣ ከ6 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,302 ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት 7.3 በመቶ የሚሆኑት ላይ ምልክቱን አግኝቷል። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ካለ፣ እንግዲህ ሦስትም አራትም እንዲህ ያሉ ልጆች ይኖራሉ ማለት ነው። ጥናቱ ችግሩ በወንዶች፣ በአንድ ወላጅ ብቻ በሚያድጉና በድኻ ቤተሰብ ልጆች ላይ በብዛት እንደታየም አመልክቷል። ይህ ሲባል ግን ድህነት ብቻውን ይወልደዋል ማለት አይደለም። በዘር መተላለፉ የታወቀ ነው፤ ያለ ጊዜያቸው ወይም በጣም አንሰው በተወለዱ ሕፃናትም ላይ ይበዛል። በስኳር ብዛት ወይም በእናት ማሞላቀቅ የሚመጣ ግን አይደለም።

ሴት ልጆችም አይረሱ። ሴቷ ብዙ ጊዜ አትሮጥም፣ አትጮኽም፤ ዝም ብላ ተቀምጣ በሐሳብ ትጠፋለች። ማንንም ስለማትረብሽ ማንም አያያትም። «ዘገምተኛ ናት» ተብላ ከትምህርቷ ወጥታ ማጀት ትገባለች።

ብዙ ወላጆች «ኳስ ሲጫወት ግማሽ ቀን ይቆያል፣ ስልክ ከያዘም አይነሳም፤ ትምህርት ላይ ብቻ እንዴት ትኩረት ያጣል? ተንኮል ነው እንጂ» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ይህ ነው፦ ኳስና ስልክ ደስታቸውን ወዲያው ይሰጣሉ። ትምህርት ግን ፍሬውን የሚሰጠው ቆይቶ ነው። የዚህ ልጅ አእምሮ የሚቸገረው ፍሬው ቆይቶ በሚመጣ ነገር ላይ ራሱን ማቆየት ነው። ስለዚህ ኳስ ላይ መቆየቱ ችግሩ እንደሌለበት አያስረዳም፤ እንዴት ልንረዳው እንደምንችል ግን ያሳየናል። ፍሬውን ልናቀርብለት ይገባል።

ከመፍረዳችን በፊት

ቀበጥባጣ የሆነ ልጅ ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ሐኪሞች የሚፈልጓቸው ምልክቶች ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የታዩ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ፣ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በቤትም በትምህርት ቤትም የሚታዩ፣ የልጁንም ትምህርት ወይም ኑሮ የጎዱ መሆን አለባቸው። በቤት ጨዋ ሆኖ በክፍል ብቻ የሚረብሽ ልጅ ችግሩ ከክፍሉ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ጆሮውንና ዐይኑን እናስመርምር። ጆሮው የሚመግል ልጅ «አይሰማም» ተብሎ የሚመታው በእውነት ስላልሰማ ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ዞሮ ቢያወራ አይገርምም። ለጥቂት ሴኮንዶች ፈዝዞ የሚቀርና ሲጠሩት የማይነቃ ልጅ ቀላል የሚመስል የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሳይበላ የመጣ፣ የደም ማነስ ያለበት፣ ሌሊት ያልተኛ ልጅም ትኩረት አይኖረውም። በደጋ አገር ደግሞ የአዮዲን እጥረት ለእንቅርት ብቻ ሳይሆን ለአእምሮ ዕድገትም ጠንቅ ስለሆነ አዮዲን ያለበትን ጨው መጠቀም፣ ጨውን ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይገባል።

የእኛ አካባቢ ልጅ ሌላም ሸክም አለበት። ትምህርት ቤት በቁቤ ከግራ ወደ ቀኝ ይጽፋል፤ ቁርኣን ቤት በዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይቀራል፤ በዚያ ላይ የአማርኛ ፊደልና እንግሊዝኛ ይጨመራሉ። ይህን ሁሉ ለመለየት ጊዜ የወሰደበትን ልጅ ሁሉ ትኩረት የለውም አንበል። ትኩረቱ የሚበተነውን ልጅ ግን ይህ ሸክም ይበልጥ ስለሚከብደው፣ ለአንዱ ፊደል አንድ ሰዓት ለይተን፣ ሳናደባልቅ ልናስይዘው ይገባል።

አንዳንድ ቤተሰብ ነገሩን ወዲያውኑ ከጂን ወይም ከዐይን ጋር ያያይዘዋል። የጂንን መኖር የሚክድ ሙስሊም የለም። ነገር ግን ያልገባንን ሁሉ በጂን ማሳበብ ከዲናችን አይደለም። ለልጁ ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ መልካም ነው፤ እርሱ ከሕክምና ጋር አይጣላም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው መድኃኒት እንድንፈልግ አዘዋል። ልጅን ግን ከቦታ ቦታ እያዞሩ ማጠን፣ ማሰርና «ይውጣልህ» እያሉ መደብደብ በሕፃን ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ዱላ ያስተምራልን?

በአገራችን ልጁን ለመምህር የሚያስረክብ አባት «ዐይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ይል ነበር። ቃሉ የተባለው በክፋት አልነበረም፤ ልጁ እንዲማርለት ካለው ጉጉት የተነሳ ነው። ነገር ግን ዱላ አንድ ልጅ የሚያውቀውን ነገር ከመተው ሊያግደው ቢችል እንኳ፣ የሌለውን ችሎታ ሊሰጠው አይችልም። ትኩረት በዱላ አይመጣም። የሚመጣው ፍርሃት ነው፤ የፈራ ልጅም ዐይኑ ሉሑ ላይ ሆኖ ልቡ አለንጋው ላይ ይሆናል።

«ልጅን በ10 ዓመቱ ስለ ሶላት ምቱ ተብሎ የለምን?» የሚል ይኖራል። ሐዲሡ በ7 ዓመቱ እዘዙት ብሎ ይጀምራል። ከ7 እስከ 10 ባለው ጊዜ በቀን 5 ጊዜ የሚታዘዝ ልጅ በሦስት የሒጅራ ዓመታት ውስጥ ከ5,300 ጊዜ በላይ በመልካም ቃል ተነግሮታል ማለት ነው። ከእኛ መካከል አምስት ሺህ ጊዜ በትዕግሥት የነገረ ማን አለ? ዑለማዎችም ቢሆኑ ያ ምት እንዳይጎዳ፣ ፊት እንዳይነካ፣ በቁጣ እንዳይሆን ብዙ ገደብ አድርገውበታል። የሐዲሡን መጨረሻ ይዞ መጀመሪያውን መጣል ልጁንም ሐዲሡንም መበደል ነው።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አያያዝ ምን እንደነበረ እንመልከት። ሱጁድ ላይ ሳሉ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ሲወጣ፣ ሕፃኑ እስኪጠግብ ብለው ሱጁዱን አስረዝመዋል። አነስ (ረ.ዐ.) ገና ልጅ ሳለ ሊያገለግላቸው ገብቶ 10 ዓመት ሲኖር አንድም ቀን እንዳላመናጨቁት መስክሯል። አንድ ቀን ለጉዳይ ልከውት፣ መንገድ ላይ የሚጫወቱ ልጆች ዘንድ ቆሞ ቀረ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከኋላው መጥተው ማጅራቱን ያዝ አደረጉት፤ ዞሮ ሲያያቸው ፈገግ ብለው ነበር። ስሙን በማቆላመጥ ጠርተው ወደላኩት ቦታ ሄዶ እንደሆነ ጠየቁት፤ እርሱም እየሄድኩ ነው አላቸው። ጨው ገዝተህ ና ተብሎ ኳስ ያገኘውን ልጃችንን እዚህ ላይ እናስታውስ። ቀርቦ መንካት፣ በስሙ መጥራት፣ ሥራውን ማስታወስ፣ ሦስቱም በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ።

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ታላቁ ዓሊም ኢብን ኸልዱን «ሙቀዲማ» በተሰኘው ሥራው በተማሪ ላይ ማጥበቅ በተለይ ሕፃናትን እንደሚጎዳ፣ ወደ ስንፍና፣ ወደ ውሸትና ወደ ተንኮል እንደሚመራቸው ጽፏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሚያድጉባቸው ተቋማት አካላዊ ቅጣት እንዳይፈጸምባቸው ደንግጓል። በዚህ ላይ ዲንም፣ ዕውቀትም፣ ሕግም አንድ ቃል ናቸው።

በቤት ውስጥ

ለዚህ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የማይለዋወጥ የቀን ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ደግሞ በየሙስሊሙ ቤት አለ፤ አምስቱ ሶላቶች ናቸው። «ስድስት ሰዓት ላይ አጥና» ከማለት «ከዐስር ሶላት በኋላ እናጠናለን፣ ከመግሪብ በኋላ እራት እንበላለን፣ ከዒሻ በኋላ እንተኛለን» ማለት ይሻላል። ሰዓት ማየት የሚረሳ ልጅ አዛን አያመልጠውም። ውዱእም እንቅስቃሴ ነውና ለተበተነ ልብ ማረፊያ ይሆነዋል።

ትእዛዝ ስንሰጥ ከማጀት ሆነን አንጩኽ። አጠገቡ እንሂድ፤ ትከሻውን እንንካ፤ በስሙ እንጥራው፤ ዐይኑ ዐይናችንን ሲያይ አንድ ነገር ብቻ እንንገረው። «ተነሥ፣ እጅህን ታጠብ፣ ደብተርህን አምጣ፣ በጎቹንም እያቸው» ስንለው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው፤ እርሱንም ካስታወሰ። «እጅህን ታጠብ» እንበለው። ሲጨርስ ቀጣዩን እንንገረው። ምን ብዬሃለሁ ብለን ብናስደግመው ደግሞ ይበልጥ ይጸናል።

ምስጋና ወዲያው ይሰጥ። ይህ ልጅ ከጧት እስከ ማታ የሚሰማው «ተው፣ አትንካ፣ ቁጭ በል» ነው። ሲያጠፋ ስንናገረው እንደምንውል፣ ሲያለማም አይተን በዚያው ቅጽበት እንናገር፤ «ማሻአላህ፣ ሳልደግምልህ ደብተርህን አነሣህ» እንበለው። ለአነስተኞቹ ልጆች አንድ ኩባያና የባቄላ ፍሬ ይበቃል። ጧት በአንድ ጊዜ ንግግር ከተነሣ አንድ ፍሬ፣ ከቁርኣን ቤት በሰዓቱ ከተመለሰ አንድ ፍሬ፣ የቤት ሥራውን ከጨረሰ አንድ ፍሬ ይገባለታል። ማታ ይቆጠራል፤ 5 ፍሬ የሞላለት ከአባቱ ጋር ጥቂት ኳስ ይጫወታል ወይም ፈረስ ላይ ይቀመጣል። ሽልማቱ ትንሽ ይሁን፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ይሰጥ። «ዓመቱን ካለፍክ ብስክሌት እገዛልሃለሁ» የሚለው ቃል ለዚህ ልጅ ከተራራ ማዶ እንዳለ አገር ነው። የተሰጠውን ፍሬም ሲያጠፋ አንንጠቀው፤ ያገኘው የእርሱ ነው።

ጥናት አጭር ይሁን። የ9 ዓመት ልጅ 15 ደቂቃ አጥንቶ፣ ውኃ ቀድቶ ወይም ግቢውን ዞሮ፣ እንደገና 15 ደቂቃ ቢያጠና ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ከሚያዛጋ ይሻለዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በጥናት ጊዜ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ ስልክ ከክፍሉ ይውጣ፤ ፊቱን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አድርጎ ይቀመጥ። ማታ ደብተሩ፣ እርሳሱና ልብሱ በአንድ ቦታ ተዘጋጅተው ይደሩ። በቂ እንቅልፍ ይተኛ።

ጉልበቱም ሥራ ይፈልጋል። ሲሮጥ የሚውል ልጅ እንጨት ቢያቀብል፣ ጥጃ ቢያስገባ፣ ወደ ጎረቤት ቢላክ ይጠቀማል፤ ለቤቱ እንደሚረባም ይሰማዋል። ነገር ግን ሳያስብ የሚዘል ስለሆነ ለአደጋ ቅርብ ነው። ባጃጅ በሚበዛበት መንገድ ብቻውን አይላክ፤ በአጨዳ ጊዜ ኮምባይነር ባለበት ማሳ ያለ ጠባቂ አይተው።

ይህንን ሥርዓት የሚፈታተኑ ጊዜያት አሉ። የእኛ ደጋ በዓመት ሁለት አዝመራ አለው፤ በአካባቢያችን አጠራር «ገና» እና «ቦና» እንላቸዋለን። አጨዳ ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ሜዳ ይውላል፤ የምግቡም የእንቅልፉም ሰዓት ይዛባል። በእነዚህ ሳምንታት ሁሉንም ነገር መጠበቅ ባይቻል እንኳ ሁለት ነገሮች አይነኩ፦ የመኝታው ሰዓትና የዕለቱ አጭር ጥናት።

አባትና እናትም ቃላቸው አንድ ይሁን። እናት የከለከለችውን አባት አይፍቀድ፤ «ቆይ አባትህ ይምጣ» እየተባለም አባት የፍርሃት ስም አይሁን። ብዙ ጊዜ ሸክሙ የሚወድቀው በእናት ላይ ነው። አባት በሳምንት ጥቂት ቀን እንኳ ጥናቱን ቢረከብ፣ እናት ትንፋሽ ታገኛለች፤ ልጁም አባቱን ያገኛል። ወንድምና እህቶቹም ችላ እንዳይባሉ ለእነርሱ የተለየ ጊዜ ይኑር።

በቁርኣን ቤት

ስለዚህ ችግር የሚጽፉ ባለሙያዎች ትምህርቱ በትንሹ ይከፋፈል፣ ልጁ ድምፁን እያሰማ ያንብብ፣ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ ይፈቀድለት፣ መምህሩ አጠገቡ ሆኖ ወዲያው ያርመው ይላሉ። የጥንቱ ቁርኣን ቤት ታዲያ ምን ነበር? ልጁ በሉሑ ላይ የዕለቱን ጥቂት መስመር ብቻ ይይዛል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራል፤ እየተወዛወዘ ይቀራል፤ ተራው ሲደርስ ኡስታዙ ፊት ብቻውን ቀርቦ ያሰማል፤ ሲያውቀው ሉሑ ታጥቦ አዲስ ይጻፍለታል። ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ለዚህ ልጅ ከዚህ የተሻለ የትምህርት አሰጣጥ ማግኘት ያስቸግራል። እኛ በመድረሳም በመንግሥት ትምህርት ቤትም የተማርን ሰዎች ይህን ስናስተውል አባቶቻችን ያቆዩልንን ነገር ዋጋ እንረዳለን።

ጉድለቱ የሚመጣው ልጆቹ ሲበዙና ኡስታዙ ሁሉንም ማዳረስ ሲያቅተው ነው። ስለዚህ ልጁ ከኡስታዙ አጠገብ ይቀመጥ፤ ከመጀመሪያዎቹ አሰሚዎች አንዱ ይሁን እንጂ ሁለት ሰዓት ተራ አይጠብቅ። ሱረቱል ኢኽላስ 4 አንቀጽ ናት፤ ለአንዱ ልጅ የአንድ ቀን ትምህርት ብትሆን፣ ለዚህኛው የሁለት ቀን ትሁን። ከፍ ያለ ደረሳ ይመደብለትና ያስደግመው። ውኃ ማምጣት፣ ምንጣፍ ማንጠፍና ሉሕ ማደል የእርሱ ሥራ ይሁን፤ በፈቃድ የተነሣ ልጅ ያለ ፈቃድ አይነሣም።

በትምህርት ቤት

50 እና 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ለአንድ ልጅ ብዙ ጊዜ መስጠት እንደማይቻል እኛ መምህራን እናውቃለን። ይሁንና አብዛኛው እርዳታ ጊዜ አይጠይቅም። ከመስኮትና ከበር ርቆ ፊት ረድፍ፣ ከረጋ ተማሪ አጠገብ ይቀመጥ። ሰሌዳ ማጥፋትና ደብተር መሰብሰብ ለእርሱ ይሰጥ። 10 ጥያቄ ከመስጠት 5 ሰጥቶ ማረም፣ ከዚያ 5 መጨመር ይቻላል። ሐሳቡ ሲጠፋ ስሙን በክፍሉ ፊት ከመጥራት ጠረጴዛውን በጣት መታ ማድረግ ይበቃል፤ ይህ ምልክት በመምህሩና በእርሱ መካከል ብቻ ይታወቅ። በፈተና ጊዜ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ እንዲያነብና ከማስረከቡ በፊት ያልመለሰው እንዳለ እንዲያይ ይነገረው። ብዙ ጊዜ ነጥብ የሚያጣው ባለማወቅ ሳይሆን የወረቀቱን ጀርባ ባለማየት ነው።

ሦስቱን ቦታዎች የሚያያይዝ አንድ ትንሽ ደብተር ይኑር። መምህሩ በቀን አንድ መስመር፣ ኡስታዙ አንድ መስመር፣ ወላጅ አንድ መስመር ይጻፉበት፤ ከስሞታው በፊትም አንድ መልካም ነገር ይጻፍ። መጻፍ የማይችል ወላጅ ታላቅ ልጁን ያስጽፍ፤ ካልሆነም ሄዶ በቃል ይንገር። «ኡስታዝ፣ ይህ ልጅ እንቢተኛ አይደለም፤ ትኩረቱ ይበተንበታል። አጠገብዎ ቢያስቀምጡት፣ ጥቂት ጥቂት ቢያስቀሩት ይይዛል። እኛም ቤት እንከልስለታለን» ቢባል የማይሰማ ኡስታዝ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በሦስቱም ቦታ አንድ ቃል የሚሰማ ልጅ መንገዱን ያገኛል፤ በሦስቱ ቦታ ሦስት ዓይነት ቃል የሚሰማ ግን ይጠፋል።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

ይህ ሁሉ ለተወሰኑ ወራት በትዕግሥት ተሞክሮ ልጁ አሁንም ከትምህርቱ የሚወጣ ከሆነ፣ ራሱን ለአደጋ የሚጥል ከሆነ፣ ወይም ማዘንና ራሱን መጥላት ከጀመረ ወደ ሐኪም መሄድ ነውር አይደለም። በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ተጀምሮ ጎባ ወደሚገኘው የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል መላክ ይቻላል፤ ለአእምሮ ሕክምና የቆመው አማኑኤል ሆስፒታል ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ስንሄድ ከሦስቱ ቦታዎች የተጻፈበትን ያን ትንሽ ደብተር እንያዝ፤ ሐኪሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የማያየውን ያሳየዋል።

መድኃኒትም አለ። በዓለም በብዛት የሚሰጠው ሜቲልፌኒዴት እ.ኤ.አ. በ1944 የተሠራ ሲሆን ብዙ ልጆችን ጠቅሟል። የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ሊቀንስ ስለሚችል ግን ያለ ባለሙያ ትእዛዝና ክትትል የሚሰጥ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ወላጅን ማስተማርና የልጁን አያያዝ ማስተካከል እንዲቀድም፣ መድኃኒቱ ደግሞ ልዩ ባለሙያ ተማክሮ ዕድሜያቸው 6 ዓመት ለሞላ ልጆች እንዲሆን መክሯል። ስለዚህ መድኃኒቱ ባይገኝ እንኳ እጃችን ባዶ አይደለም፤ ዋናው ሥራ በእጃችን ነው።

ውድ ወላጆች፣ የተከበራችሁ ኡስታዞችና መምህራን! ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ልጆች ሲያድጉ መቅበጥበጡ ይቀንስላቸዋል፤ መርሳቱና መቸኮሉ በአንዳንዱ ላይ ይቆያል። በልጅነቱ የተሰጠው ስም ግን ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። «የማይሆን ልጅ» ያልነው የማይሆን ሆኖ ያድጋል፤ «እግሩ ፈጣን፣ ልቡ ደግ፣ ልጓሙ እየመጣ ያለ ልጅ» ያልነው ያንን ይሆናል። ሁሉን በአንድ ቀን ማስተካከል አይቻልም። ዛሬ ማታ ከመግሪብ በኋላ ከዚህ ጽሑፍ አንዱን ብቻ እንጀምር፤ አጠገቡ ሄደን፣ ትከሻውን ነክተን፣ አንድ ነገር ብቻ አዝዘን፣ ሲፈጽም ማሻአላህ እንበለው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዐይን ማረፊያ ያድርግልን፤ ለእኛም ትዕግሥቱን ይስጠን። አሚን።